ሁለት ስትራይክ ላይ ባንት፦ አንዷ አውት ስትባል ሌላዋ ለምን ተረፈች?

የቀኝ ሜዳ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ሜሪላንድ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን ፋስትፒች (ኳስ በፍጥነት የሚጣልበት) ሶፍትቦል ትጫወታለች። የጨዋታውን ዋና ዋና ነገር ይዤዋለሁ፤ ባንት (ባቱን ሳይሰነዝሩ ኳሱን ነካ ማድረግ) ላይ ሲደርስ ግን ሕጉ ይምታታብኛል። አጠገቤ የሚቀመጡት ወላጆችም እርስ በርሳቸው አይስማሙም። በአንድ ጨዋታ የታዩ አራት ነገሮችን ልዘርዝር፤ የምታውቁ አስረዱኝ።

አንደኛ፤ ሁለት ስትራይክ (በመቺዋ ላይ የሚቆጠር፣ ሦስት ሲሞላ አውት የሚያደርጋት) የነበረባት መቺ ባንት አደረገችና ኳሱ ከመስመር ውጭ ተንከባለለ። ዳኛዋ አውት አለቻት። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ግራኝ ልጅ፣ እሷም ሁለት ስትራይክ ላይ እያለች፣ ወደ ፊት እየተራመደች ኳሱን ቸብ አደረገችውና ፋውል ሆነ፤ ከመስመር ውጭ ወጣ። እሷ ግን አውት አልተባለችም፣ ተመልሳ ቆመች። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ሁለተኛ፤ ባቱን ዘርግታ የያዘች ልጅ ከፍ ብሎ የመጣ ኳስ አልፏት «ቦል» (አራት ሲሞላ አንደኛ ቤዝ የሚያሰጥ መጥፎ ውርወራ) ተባለ። ቀጥሎ ያው ዓይነት ኳስ መጣና «ስትራይክ» ተባለባት።

ሦስተኛ፤ አውት ሳይኖር አንደኛና ሁለተኛ ቤዝ ላይ ሯጮች እያሉ ባንቱ ወደ ላይ ተነሳ። ወላጆች «ኢንፊልድ ፍላይ!» እያሉ ጮኹ፤ ዳኛዋ ዝም አለች። ፒቸሯ (ኳስ ጣይዋ) ኳሱ መሬት እስኪነካ ጠብቃ አነሳችውና ሁለት ልጆች በአንዴ አውት ሆኑ።

አራተኛ፤ ባንት ልታደርግ የሞከረችን ልጅ ኳሱ ጣቷን መታት። አንደኛ ቤዝ ይሰጣታል ብለን ስንጠብቅ ስትራይክ ተባለ።

አሰልጣኟ ልጄ ባንት እንድትለማመድ ነግሯታል። ጓሮ ውስጥ ምን ልናሠራት እንደምንችል የሚነግረኝ ካለም ደስ ይለኛል።


ከፕሌት ኋላ

እህቴ፣ በደንብ ስለዘረዘርሽው ለመመለስ ይመቻል። የመጀመሪያው ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ የወላጆች ጭቅጭቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

ባንት ማለት መቺዋ ባቱን ሳትሰነዝር፣ ሆን ብላ ኳሱን ነካ አድርጋ ቀስ ብሎ እንዲንከባለል የምታደርገው ነው። በስዊንግ የመጣ ፋውል ሁለት ስትራይክ ከሞላ በኋላ አይቆጠርም፤ መቺዋ አሥር ጊዜም ፋውል ብትመታ ትቀጥላለች። በባንት የመጣ ፋውል ግን ሦስተኛ ስትራይክ ሆኖ ይቆጠራል፣ መቺዋም አውት ናት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባት ዘርግቶ ኳስን ወደ ውጭ ማስነካት ከስዊንግ በጣም ይቀላል። ይህ ሕግ ባይኖር አንዲት ጎበዝ ልጅ አራት ቦል እስኪሞላላት ድረስ ጥሩ ጥሩውን ኳስ ሁሉ ፋውል እያደረገች መቆም ትችል ነበር።

እዚህ ላይ ሦስት ሁኔታዎችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ውጤታቸው አንድ አይደለም። ሁለት ስትራይክ ላይ ባንት ያደረገችው ኳስ መሬት ነክቶ ፋውል ከሆነ መቺዋ አውት ናት፣ ኳሱም ይሞታል (ጨዋታው ይቆማል)፤ ሯጮች ወደነበሩበት ይመለሳሉ። ያው ኳስ አየር ላይ ተነስቶ አንዲት ተከላካይ ከያዘችው ግን መቺዋ አውት ብትሆንም ኳሱ ሕያው ነው፤ ቤዝ ለቃ የሄደች ሯጭ ሳትመለስ ኳሱ ከደረሰባት እሷም አውት ትሆናለች። ሦስተኛው ደግሞ ባቱ ጭራሽ ኳሱን ሳይነካው ሲቀር ነው። ይህ ፋውል ሳይሆን ተስቶ ያለፈ ሦስተኛ ስትራይክ ነው። ስለዚህ ካቸሯ (ከመቺዋ ኋላ ኳስ የምትይዘው) ኳሱን ካልያዘችው፣ አንደኛ ቤዝ ባዶ ከሆነ ወይም ሁለት አውት ካለ፣ መቺዋ ወደ አንደኛ መሮጥ ትችላለች። ብዙ ልጆች «ባንት ስቼ ወጣሁ» ብለው ወደ መቀመጫቸው ይሄዳሉ፤ መሮጥ ነበረባቸው።

ወደ ግራኟ ልጅ ስንመጣ፣ እሷ ያደረገችው ስላፕ ይባላል። ከግራ በኩል ያለው ሳጥን (መቺዋ የምትቆምበት) ለአንደኛ ቤዝ ስለሚቀርብ ፈጣን ልጆች እግራቸውን እያስቀደሙ ኳሱን በአጭር ምት ይቸበችቡታል። የዩኤስኤ ሶፍትቦል የሕግ መጽሐፍ ስላፕን «በሙሉ ስዊንግ ፋንታ በአጭርና ቆረጥ ባለ እንቅስቃሴ የተመታ» ብሎ ይገልጸውና እንደ ባንት አይቆጠርም ይላል። ስለዚህ ሁለት ስትራይክ ላይ ስላፕ ፋውል ሲሆን እንደማንኛውም ስዊንግ ፋውል ነው።

ዳኛ የሚያየው እግሯን አይደለም፤ ባቱን ነው። እየሮጠችም ቢሆን ባቱን አቁማ ኳሱን ካስነካችው ባንት ነው፣ ሁለት ስትራይክ ላይ ፋውል ከሆነም አውት ናት። እንደ ባንት ተጣጥፋ ቆማ መጨረሻ ላይ ባቱን መለስ አድርጋ ወደ መሬት ከቆረጠችው ደግሞ ስላፕ ነው። እኔ ከኋላ ስቆም የባቱን ጫፍ ነው የምከተለው፦ ኳሱን ሲነካ ጫፉ ወደ ፊት እየተጓዘ ነበር ወይስ ቆሞ ይጠብቅ ነበር? ፍርዱ የዳኛው ስለሆነ የልጅሽ ስላፕ በግልጽ የሚታይ ምት ይኑረው። ለስላሳና ግማሽ ልብ የሆነ ስላፕ ሁለት ስትራይክ ላይ ባንት ተብሎ ሊጠራባት ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ላይ፣ ኳሱ ከስትራይክ ክልል ውጭ ከሆነ ስትራይክ የሚሆነው መቺዋ ልትነካው ከሞከረች ብቻ ነው። «ሞከረች» የሚባለው መቼ ነው የሚለው ግን ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል፣ በየጊዜውም ተሻሽሏል። አንዳንዱ ባቱን ወደ ኳሱ ማንቀሳቀስን ይጠይቃል፤ ባቱን ክልሉ ውስጥ ትቶ መቆምን ራሱን እንደ ሙከራ የቆጠረም አለ። በተግባር አንድ መፍትሔ ብቻ ነው ያለው፦ ኳሱን ካልፈለገችው ባቱን ወደ ኋላ፣ ወደ ሰውነቷ መሳብ፤ ያውም ኳሱ ፕሌት (መቺዋ አጠገቡ የምትቆመው ሰሌዳ) ላይ ከመድረሱ በፊት። ወደ ታች ማውረድ ወይም ወደ ጎን ማዞር አያድንም፤ ለዳኛው ሙከራ ነው የሚመስለው። የዋናው ዳኛ እይታ ከተሸፈነ ካቸሯ ወይም አሰልጣኙ የቤዝ ዳኛውን እንዲጠይቅላቸው ሊያመለክቱ ይችላሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለባንት ጎንበስ ማለት የስትራይክ ክልሉን አያሳንሰውም። ክልሉ የሚለካው በተለመደው አመታት አቋሟ ስትቆም ከብብቷ እስከ ጉልበቷ አናት ነው። «ዝቅ ስላልኩ ከፍ ያለ ነበር» የሚለው ክርክር አይሠራም።

ሦስተኛው፦ ኢንፊልድ ፍላይ፣ ማለት ወደ ላይ የተነሳ በቀላሉ የሚያዝ ኳስ ባይያዝም መቺዋን አውት የሚያደርገው ደንብ፣ ለባንት አይሠራም። ደንቡ ራሱ ቀጥታ የተመታ ኳስንና ባንትን ለይቶ አውጥቷቸዋል። ዳኛዋ ዝም ማለቷ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ተከላካዮች እንዳሻቸው ያደርጋሉ ማለት አይደለም። አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጭ እያለና ከሁለት አውት በታች ሆኖ፣ ተከላካይዋ በቀላሉ ሊያዝ የሚችለውን ባንት በእጇ ከተቆጣጠረችው በኋላ ሆን ብላ ብትጥለው መቺዋ አውት ትሆናለች፣ ኳሱ ይሞታል፣ ሯጮችም ይመለሳሉ፤ ሁለተኛ አውት የለም። የእናንተዋ ፒቸር ግን ኳሱን ሳትነካው ነው መሬት እንዲነካ የተወችው። ያ ይፈቀዳል። ኳሱ ሕያው ነው፣ ሯጮቹም ከኋላቸው መቺዋ ስለምትመጣ ቤዝ የመልቀቅ ግዴታ አለባቸው። ፒቸሯ ብልህ ልጅ ናት።

አራተኛው፦ እጅ የባት አካል አይደለም። «እጇ ባቱ ላይ ስለነበር እንደ ባት ነው» ሲባል በየሜዳው ትሰሚያለሽ፤ ስህተት ነው። ባንት እየሞከረች ኳሱ ጣቷን ከመታት ኳሱ ይሞታል፣ ስትራይክ ይቆጠራል። ሁለት ስትራይክ ከነበረ አውት ናት፣ ካቸሯ ኳሱን ያዘችው አልያዘችው ለውጥ የለውም። ባቱን ስባ ከሆነና ኳሱም ከክልሉ ውጭ ከነበረ ግን በኳስ እንደተመታች ተቆጥሮ አንደኛ ቤዝ ይሰጣታል። ኳሱ ክልሉ ውስጥ ከነበረ ባትሞክርም ስትራይክ ነው።


የቅዳሜ ጨዋታ

ለእኔ እንደሚመስለኝ ባንት ሶፍትቦል ውስጥ ጭራሽ የተከለከለ ነው። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንጫወት ባንት ያደረገ ወዲያው አውት ነው። ደግሞ ሆም ፕሌትን የነካ ኳስ ሁልጊዜ ፋውል መሆኑን አትርሱ።


ከፕሌት ኋላ

ወንድሜ፣ እናንተ የምትጫወቱት ስሎፒች (ኳስ ቀስ ተብሎ የሚጣልበት) ነው። እዚያ ባንት ያደረገ አውት መሆኑ እውነት ነው፤ ፋስትፒች ውስጥ ግን የጨዋታው ዋና መሣሪያ ነው። የሁለቱን ሕግ መቀላቀል ሰው ያሳስታል።

ፕሌቱን በተመለከተም እንዲያ አይደለም። ሆም ፕሌት ሙሉ በሙሉ ፌር ክልል (ከፋውል መስመሮቹ ውስጥ) ነው ያለው፤ ፕሌት ላይ ያረፈ ኳስ ሌላ ቦታ ካረፈ አይለይም። ባንት የሚዳኘው ኳሱ በቆመበት ወይም ተከላካይ በነካችበት ቅጽበት ኳሱ ራሱ ባለበት ቦታ ነው። የተከላካይዋ እግር የት እንዳለ አይታይም። ከመስመር ወጥቶ የተንከባለለ ኳስ ማንም ሳይነካው ወደ ውስጥ ተመልሶ ከቆመ ፌር ነው። ውስጥ የነበረው አንደኛ ወይም ሦስተኛ ቤዝን ሳያልፍ ወጥቶ ከቆመ ደግሞ ፋውል ነው። ለዚህ ነው ሦስተኛ ቤዝ ተጫዋቿ መስመሩ ላይ የሚንከባለለውን ባንት እጇን ሰብስባ የምታየው፤ መቺዋን በውርወራ እንደማትደርስባት ካወቀች ኳሱ ሲወጣ ጠብቃ ወዲያው ትነካዋለች።


የሦስተኛ ቤዝ አሰልጣኝ

ሰላም እናታችን። ሕጉን ዳኛችን በሚገባ ስላብራሩት እኔ ልምምዱን ልንገርዎት። ጥሩ ሜዳ አያስፈልግም፤ ጠመኔ፣ ሜትር፣ አንድ ረጅም ገመድና 12 ኢንች ዙሪያ ያላቸው አሥር ያህል ኳሶች ይበቃሉ።

መጀመሪያ ሳጥኑን በትክክል ሥሩላት። ርዝመቱ 7 ጫማ (2.13 ሜትር)፣ ስፋቱ 3 ጫማ (91 ሳንቲ ሜትር) ነው። የውስጥ መስመሩ ከሆም ፕሌት 6 ኢንች (15 ሳንቲ ሜትር) ይርቃል። ከርዝመቱ 4 ጫማው ከፕሌቱ መካከል ወደ ፒቸሯ በኩል ይውላል። ይህን መለካት ያለብዎት ባንትና ስላፕ ላይ ብዙ አውት የሚመጣው ከእግር ስለሆነ ነው። ባቱ ኳሱን ሲነካ አንድ ሙሉ እግሯ ከመስመሩ ውጭ መሬት ረግጦ ከሆነ፣ ወይም የእግሯ ማንኛውም ክፍል ሆም ፕሌትን ከነካ አውት ናት፤ ኳሱ ፌርም ይሁን ፋውል። መስመሩ ራሱ የሳጥኑ አካል ነው፤ ተረከዟ መስመሩን ከነካ ይበቃታል። እግሯ ገና አየር ላይ ካለ ደግሞ ወጥታለች አይባልም። ኳሱን ከሳተችው ስትራይክ ብቻ ነው። ጠመኔው አዲስ ሲሆን የጫማዋ ዱካ ላይ ስለሚታይ ከእያንዳንዱ ባንት በኋላ ዝቅ ብላ ራሷ ትይ።

የት ትቁም? ለባንት ወደ ሳጥኑ ፊት ጠጋ ትበል። የፋውል መስመሮቹ የሚነሱት ከፕሌቱ የኋላ ጫፍ ስለሆነ ባቱ ወደ ፊት በራቀ ቁጥር ኳሱ ፌር የሚሆንበት ስፋት ይጨምራል። ባቱ ከፕሌቱ ፊት፣ ኳሱ ከዓይኗ ፊት ሆኖ ነው መገናኘት ያለባቸው። ከፕሌቱ ላይ ወይም ከጉልበቷ ጎን ሲነካ ወደ ካቸሯ ወይም ወደ ጎን ይወጣል።

አቋሙ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሁለቱንም እግር አዙሮ ለፒቸሯ ፊት ለፊት መቆም ሲሆን ሌላው እግር ሳያነሱ በጣቶች ላይ መዞር ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ፈጣን ነው፣ ከሳጥን መውጣትን ያስቀራል፣ ኳስ ወደ ሰውነቷ ከመጣም ትከሻዋን መልሳ መዞር ትችላለች። ለጀማሪ ግን ፊት ለፊት መቆሙ ኳስን ለማየት ይቀላል።

እጅ ላይ ነው ዋናው ሥራ። የታችኛው እጅ መያዣው ላይ ይቀራል። የላይኛው እጅ ባቱ መወፈር እስከሚጀምርበት ድረስ ይንሸራተትና በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት ከኋላ በኩል ይይዘዋል፤ የቀሩት ጣቶች ተጨብጠው ከባቱ ጀርባ ይደበቃሉ። ጣት ባቱን ዙሪያውን ከጨበጠ ኳሱና ባቱ መሃል ይገባል። እርስዎ አራተኛ ላይ የጠቀሱት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጣት ሊሰበርም ይችላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አያልፏት።

የባቱ ጫፍ ከእጆቿ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ይበል። ባቱን የስትራይክ ክልሉ አናት ላይ ይዛ ትጠብቅ። ከዚያ በላይ የመጣውን ኳስ ባቱን ስባ ታሳልፈው፤ ዝቅ ብሎ ለመጣው ባቱን ሳይሆን ጉልበቷን ዝቅ ታድርግ። እጇን ብቻ ስታወርድ የባቱ ጫፍ ይዘቀዘቃል፣ ኳሱም ከባቱ በላይኛው በኩል ተነክቶ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ የተነሳው የእነዚያ ልጆች ባንትም ሳይሆን አይቀርም እንዲሁ የመጣ ነው። በተለይ ወደ ላይ የሚወጣ ኳስ የሚጥሉ ፒቸሮች ላይ ይህ ይበዛል። ዝቅ እያለ የሚመጣው ግን ለባንት የተመቸ ነው።

ከዚያ በኋላ ኳሱን መግፋት የለም፤ መቀበል ነው። ከባቱ ጫፍ አራት አምስት ጣት ገባ ብሎ ባለው ቦታ ላይ ሲነካ ኳሱ ፍጥነቱን ያጣል። ባቱ መሃል ላይ ከነካ ወይም እጇ ጥብቅ ብሎ ከያዘ ቀጥ ብሎ ወደ ፒቸሯ ይሮጣል፤ ያ ደግሞ ድርብ አውት ነው። የታችኛው እጅ እንደ መሪ ያገለግላል፦ መያዣውን ወደ ሰውነቷ ስትስብ ወይም ስትገፋ የባቱ ፊት ወደ አንደኛ ወይም ወደ ሦስተኛ መስመር ይዞራል። ይህን ኳሱ ከመምጣቱ በፊት ትጨርስ፤ ኳሱ ሲደርስ የምትዞር ልጅ ትስታለች።

የት ትጣለው? አንደኛ ቤዝ ላይ ብቻ ሯጭ ካለ ወደ አንደኛ መስመር ይሻላል። አንደኛ ቤዝ ተጫዋቿ ኳሱን ልታነሳ ስትወጣ ቤዙን የምትሸፍነው ሁለተኛ ቤዝ ተጫዋቿ መሆን ግድ ይላታል። ሁለተኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ካለች ወደ ሦስተኛ መስመር ትጣለው። ሦስተኛ ቤዝ ተጫዋቿ ኳሱን ልታነሳ ስትወጣ ቤዙ ባዶ ይቀራል፤ ሾርት ስቶፗ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የምትጫወተው) ሮጣ ካልደረሰች ሯጯ ሳትነካ ትገባለች። በሁለቱም በኩል ኳሱ ከፒቸሯ ክብ ውጭ፣ ከካቸሯም በፍጥነት ከምትደርስበት ራቅ ብሎ ይቁም። ክቡ ራዲየሱ 8 ጫማ (2.44 ሜትር) ነው።

ጓሮ ላይ ገመዱን ከፕሌቱ ጫፍ ተነስተው ከፋውል መስመሩ ሁለት ሜትር ያህል ውስጥ ገባ አድርገው ይዘርጉት። በመስመሩና በገመዱ መካከል ያለው መንገድ ዒላማዋ ነው። ከ5 ወይም 6 ሜትር ላይ በእጅዎ ከታች ቀስ እያሉ ይጣሉላት፤ አሥር ወደ አንደኛ፣ አሥር ወደ ሦስተኛ። ከአሥሩ ሰባቱ መንገዱ ውስጥ ሲቆሙ ብቻ ፍጥነት ይጨምሩ። መሃል መሃል ላይ ሆን ብለው ከፍ ያለና ወደ ውጭ የራቀ ኳስ ይጣሉ፤ ባቱን መሳብም ልምምድ ይፈልጋል። በዚህ ርቀትም ቢሆን መከላከያ ሽቦ ያለው ሄልሜት ይደረግ፤ ከባቱ የሚነሳው ኳስ የሚሄደው ወደ ፊቷ ነው።

ጊዜው ያጥራል። ፒቸሯ የምትጥለው ከ43 ጫማ (13.11 ሜትር) ላይ ነው። በሰዓት 60 ማይል የመጣ ኳስ ፕሌት ላይ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ አይሞላውም። ስለዚህ ባቱን መቼ ታሳይ የሚለው ወሳኝ ነው። ሯጭን ለማሳለፍ ብቻ ከሆነ ቀደም ብላ ትዙር፤ ሁሉም ቢያውቅ ግድ የለም፣ ትክክለኛው ቦታ ላይ ከወደቀ ይሠራል። ራሷ ቤዝ ለመድረስ ከሆነ ግን የፒቸሯ ክንድ ዙሩን ጨርሶ ወደ ታች ሲመጣ ነው መዞር ያለባት። ቀድማ ካሳየች የዳር ተጫዋቾች ወደ እሷ እየሮጡ ይመጣሉ።

ሁለት ስትራይክ ላይ ባንት? አላዝም። ፋውል ከሆነ ያለቀለት ነው። ስላፕ የምትችል ከሆነ ስላፕ፣ ካልቻለች ሙሉ ስዊንግ።


ከፕሌት ኋላ

በመጨረሻው ላይ በአብዛኛው እስማማለሁ፤ አንድ ሁኔታ ግን አለ። ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሯጭ አለች፣ አንድ አውት ነው፣ መቺዋ ባቱን ሰንዝራ ኳስ መንካት የማትችል ደካማ መቺ ናት፣ ጨዋታውም እኩል ነው። እዚያ ላይ አሰልጣኞች ሁለት ስትራይክ ላይም ስኩዊዝ፣ ማለት የሦስተኛ ቤዝ ሯጯን በባንት ወደ ሆም ማስገባትን፣ ሲያዙ አይቻለሁ፤ ማንም ስለማይጠብቀው ነው። አደጋውን አውቀው የገቡበት ከሆነ ሕጉ አይከለክልም።

ስኩዊዝ ካነሳን፣ ፋስትፒች ከቤዝቦል የሚለይበትን ልብ በሉ። ሯጯ ኳሱ ከፒቸሯ እጅ ሳይለቅ ቤዙን መልቀቅ አትችልም። ቀድማ ከለቀቀች አውት ናት፣ ኳሱ ይሞታል፣ የተጣለውም አይቆጠርም። ሯጯ ኳሱ እንደተለቀቀ ወደ ሆም የምትሮጥበት ስኩዊዝ ላይ መቺዋ የመጣውን ኳስ ሁሉ መንካት አለባት፤ ፋውል ብታደርገው እንኳ ሯጯን ታድናለች። ኳሱ መሬት መንካቱን አይታ የምትሮጥ ከሆነ ግን መቺዋ መጥፎውን ኳስ ማሳለፍ ትችላለች። ሁለቱ የተለያየ ምልክት ይኑራቸው፤ ሯጯ አንዱን፣ መቺዋ ሌላውን ከተረዱ ሯጯ ካቸሯ እጅ ላይ ነው የምትደርሰው።

ካቸሯም በዚህ ጊዜ ትቸኩላለች። ኳሱን ለመያዝ ወደ ፊት ስትዘል ጓንቷ ባቱን ወይም መቺዋን ከነካ የካቸር መሰናክል ነው። ዳኛው ወዲያው ጨዋታውን አያቆምም፤ ግራ እጁን ዘርግቶ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ከዚያ አሰልጣኙ የጨዋታውን ውጤት ወይም ለመቺዋ አንደኛ ቤዝን ይመርጣል። መቺዋና ሯጮቹ ሁሉ ቢያንስ አንድ አንድ ቤዝ በሰላም ካለፉ ግን መሰናክሉ ይረሳል።


የቀኝ ሜዳ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ዳኛዋ ላይ ሲጮኹ ከነበሩት አጠገብ በመቀመጤ አሁን አዘንኩላት። ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅ። ባንት ያደረገች ልጅ ባቷን ጥላ ስትሮጥ ኳሱ ከባቱ ጋር ቢጋጭ ምን ይሆናል? ደግሞ ወደ አንደኛ ስትሮጥ ካቸሯ የወረወረችው ኳስ ጀርባዋን ቢመታት ጥፋቱ የማን ነው?


የሦስተኛ ቤዝ አሰልጣኝ

ባቱን በተመለከተ፣ ማን ወደ ማን ሄደ ብለው ይጠይቁ። ባቱ መሬት ላይ ተኝቶ ኳሱ ተንከባሎ ከመጣበትና ልጅቷ ሆን ብላ ለማገድ ካልጣለችው ምንም ጥፋት የለም፣ ጨዋታው ይቀጥላል። የጣለችው ባት ፌር ክልል ውስጥ ሄዶ ኳሱን ከመታው ግን አውት ናት፣ ኳሱም ይሞታል። ስለዚህ ባቷን ወደ ፊት አትወርውር፤ ከሰውነቷ ጎን ወደ ፋውል በኩል ለቀቅ ታድርገው።

ኳሱ ነጥሮ ራሷን ሲመታትም ተመሳሳይ ጥያቄ ይመጣል። ገና ሳጥኗ ውስጥ ከሆነች ፋውል ነው፤ ሁለት ስትራይክ ላይ ከሆነ ደግሞ የባንት ፋውል ስለሆነ አውት። ከሳጥኑ ወጥታ ፌር ክልል ላይ ከመታት አውት ናት። ለመሮጥ ቸኩለው ኳሱ ላይ የሚረግጡ ልጆች ይህ ይደርስባቸዋል። መጀመሪያ ባንቱን መጨረስ፣ ከዚያ መሮጥ።


ከፕሌት ኋላ

ስለ ውርወራው፦ ከሆም እስከ አንደኛ ቤዝ 60 ጫማ (18.29 ሜትር) ነው። በሁለተኛው አጋማሽ፣ ማለት በመጨረሻዎቹ 30 ጫማ፣ ከፋውል መስመሩ በውጭ በኩል 3 ጫማ የሚሰፋ መሮጫ መንገድ ይሰመራል። ልጅቷ ከዚህ መንገድ ውጭ እየሮጠች ውርወራውን አንደኛ ቤዝ ላይ የምትቀበለውን ተከላካይ ካደናቀፈች አውት ናት። ኳሱ ይሞታል፣ ሌሎቹ ሯጮችም በዚያ ቅጽበት ወደነበሩበት ቤዝ ይመለሳሉ። መንገዱ ውስጥ እየሮጠች ኳሱ ጀርባዋን ከመታት ግን ጥፋት የለባትም፣ ጨዋታው ይቀጥላል።

ሁለቱም ነገሮች አንድ ላይ መገኘት አለባቸው፤ ከመንገድ መውጣትና ማደናቀፍ። ውርወራ ከሌለ ሣሩ ላይ ብትሮጥም ማንም አይናገራትም። የተከላካይዋን መንገድ ላለመዝጋት ከመስመሩ ብትወጣም አያስጠይቃትም፤ ኳስ የምታነሳ ተከላካይ ቅድሚያ አላት።

ቀኝ እጅ መቺዎች ላይ ይህ ይብሳል፤ ሩጫቸውን የሚጀምሩት ከመስመሩ ውስጠኛ ጎን ነው። ጓሮ ላይ ስትለማመድ መሮጫውንም በጠመኔ አስምሩላት፤ ከግማሹ ጀምሮ ሁለቱም እግሮቿ መንገዱ ውስጥ ወይም መስመሩ ላይ ይረፉ። ሜዳው ድርብ አንደኛ ቤዝ ካለው፣ ነጩ ፌር ውስጥ ብርቱካናማው ፋውል በኩል ይሆናል፤ ባንት አድርጋ ውርወራ ሲመጣባት ብርቱካናማውን ትርገጥ።

ባንቱ ሯጭ አሳልፎ እሷ አንደኛ ላይ አውት ብትሆንና ከባንቱ በፊት ከሁለት አውት በታች ከነበረ፣ በመዝገብ ላይ መሥዋዕት ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ ከመምቻ ተራዋ ተቆጥሮ አማካይዋን አያወርድባትም። ዓለም አቀፍ ውድድሮች ላይ ሰባቱ ኢኒንግ እኩል ካለቀ ከ8ኛው ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን ሁለተኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ይዞ ይጀምራል። የመጀመሪያዋ መቺ ባንት አድርጋ ያችን ሯጭ ወደ ሦስተኛ ስታሳልፍ ታያለሽ። እ.ኤ.አ. በ2028 ለሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ የሶፍትቦሉ ውድድር ኦክላሆማ ሲቲ ላይ ነው የሚካሄደው፤ ልጅሽ ያን ጊዜ የሦስተኛ ቤዝ ተጫዋቿን እግር እያየች ትከታተል፣ ባንቱ ከመምጣቱ በፊት ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ስትሰርቅ ትይዛታለች።